2,147,483,647፦ በጥምቀት ማለዳ የሚሞላው ቁጥር

ውድ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ንግግሬን በአንድ ቀን ልጀምር። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማክሰኞ ይውላል። ጥምቀት ነው። ታቦታቱ በዋዜማው በከተራ ወርደው በጃንሜዳና በየባሕረ ጥምቀቱ ያድራሉ፤ ሌሊቱ በማሕሌትና በቅዳሴ ያልፋል፤ ጎሕ ሲቀድ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ውኃው እስኪባረክ ይጠብቃል። በዚያ ማለዳ ልክ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ፣ እስከዚያ ድረስ ሳይቀየሩ በቀሩ አሮጌ ኮምፒውተሮችና መሣሪያዎች ውስጥ አንድ ቆጣሪ አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ቆጣሪው የሚደርስበት የመጨረሻው ቁጥር ይህ ነው፦

2,147,483,647

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚህ አንድ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር እወደዋለሁ፤ የምወድበትንም ምክንያት በደንብ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

ከየት እንደሚመጣ እንይ። አንድ ሰው መስከረም 1 ቀን በሣጥን ውስጥ 1 ሣንቲም ያስቀምጣል እንበል። በማግስቱ 2፣ መስከረም 3 ቀን 4፣ መስከረም 4 ቀን 8፤ እንዲህ እያለ በየቀኑ የትናንቱን እጥፍ ይጨምራል። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ድምር ተከተሉ፦ 1፣ 3፣ 7፣ 15፣ 31። ድምሩ ሁልጊዜ በማግስቱ ከሚጨመረው በአንድ ብቻ ያንሳል። ወሩ 30 ቀን ነውና መስከረም 30 ሲመሽ በሣጥኑ 1,073,741,823 ሣንቲም ይኖራል። ጥቅምት 1 ቀን፣ በ31ኛው ቀን፣ አንዴ ሲጨምርበት የእኛ ቁጥር ይሞላል፤ 21,474,836 ብር ከ47 ሣንቲም። በሒሳብ አጻጻፍ ይህ 2 ሠላሳ አንድ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት የሚገኘው ነው።

ኮምፒውተር ደግሞ ከ0 እና ከ1 በቀር ሌላ አኃዝ አያውቅም። በዚያ አጻጻፍ የየቦታው ዋጋ እንደ ሣጥኑ ሣንቲም ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ስለሚታጠፍ፣ ቁጥራችን ሠላሳ አንድ አንዶች በተርታ የተደረደሩበት ነው። እኛ በምናውቀው በአሥር ቤት አጻጻፍ ከዚህ ጋር የሚመሳሰሉት በዘጠኝ ብቻ የተሞሉ ቁጥሮች ናቸው። 999,999ን ተመልከቱ። ስድስት ዘጠኞች ናቸው፤ ስድስት ደግሞ በሦስት ስለሚመደብ 999 እና 999 ብለን ለሁለት ልንከፍለው እንችላለን። ስለዚህ ቁጥሩ 999 ጊዜ 1,001 ነው። የአንዶቹም ነገር እንዲሁ ነው። ስድስት አንዶች ማለት 63 ነው፤ በሁለት በሁለት ከመደብናቸው 63 በ3 ይካፈላል፤ በሦስት በሦስት ከመደብናቸው በ7 ይካፈላል። የአንዶቹ ብዛት ለእኩል መደቦች የሚመች ከሆነ ቁጥሩም ይከፈላል ማለት ነው። 31 ግን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ሠላሳ አንድ አንዶች በእኩል አይመደቡም።

ይህ ግን ቁጥሩ ራሱ ብቸኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። 11 ብቸኛ ነው፤ አሥራ አንድ አንዶች ግን 2,047 ናቸው፣ 2,047 ደግሞ 23 ጊዜ 89 ነው። ስለዚህ ጥያቄው ክፍት ነበር፦ 2,147,483,647 ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም? ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ይህን በቅጽበት ይመልሳል። የምነግራችሁ ግን ወረቀትና ብዕር ብቻ ስለነበረበት ዘመን ነው።

ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በትዕግሥት እያካፈለ 131,071 እና 524,287 ብቸኛ መሆናቸውን አረጋገጠ። የመጀመሪያው አሥራ ሰባት፣ ሁለተኛው አሥራ ዘጠኝ አንዶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሳያረጋግጥ ወደ ፊት ዘለለ፤ በ23፣ በ29፣ በ31 እና በ37 አንዶች የሚጻፉትም ብቸኛ ናቸው አለ። በ1640 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፌርማ የ23ቱንና የ37ቱን አካፋይ አገኘ። በ1738 እ.ኤ.አ. ኦይለር የ29ኙን አፈረሰ። ካታልዲ ከዘረዘራቸው ከአራቱ ሦስቱ ወደቁ፤ የእኛ ቁጥር ብቻውን ቆሞ ቀረ።

እንግዲህ ኦይለር ዘንድ ደረስን። ሊዮናርድ ኦይለር የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ግን በሴንት ፒተርስበርግና በበርሊን ነው። የቀኝ ዓይኑን ብርሃን ያጣው በ30ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ነው። ግራውን ደግሞ በስተርጅና ሞራ ጋረደበት። በ1771 እ.ኤ.አ. የሴንት ፒተርስበርግ ቤቱ ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት ለዓይኑ የተደረገለት ቀዶ ሕክምናም አላዳነውም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1772፣ የ65 ዓመቱ ሊቅ ማየት ተስኖት ሳለ በላከው አንድ ደብዳቤ ላይ 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አረጋገጠ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። በጭንቅላቱ ውስጥ የያዘው ቁጥር ባለ አሥር አኃዝ ነው።

እንዴት አደረገው? አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ በትንንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈሉ ቀሪ መኖሩን ማየት ይቻላል። የሚሞከረው እስከ 46,340 ብቻ ነው፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን ያልፋልና። ሆኖም እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ከ4,700 በላይ ናቸው። ከ4,700 በላይ ማካፈል፣ ያውም በቃል!

ኦይለር ግን በሩን ማጥበብ ያውቅበት ነበር። ፌርማ አስቀድሞ ያየው አንድ ነገር አለ፦ እንደዚህ ያለውን ቁጥር የሚከፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር፣ አንድ ሲቀነስለት በአንዶቹ ብዛት እጥፍ ያለ ቀሪ ይካፈላል። በምሳሌ እንየው። ለ11 አንዶች እጥፉ 22 ነው፤ አካፋዮቹ 23 እና 89 ነበሩ፤ አንድ ሲቀነስላቸው 22 እና 88። ኦይለር ያፈረሰው የ29ኙ ቁጥር 233 ጊዜ 1,103 ጊዜ 2,089 ነው፤ አንድ አንድ ቀንሱና በ58 አካፍሉ፤ 4፣ 19 እና 36 ይወጣል፣ ቀሪ የለም። እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፦ አካፋዩ በ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። ሁለቱን ሕጎች ለ31 አንድ ላይ ስናጣምራቸው፣ ቁጥራችንን ይከፍላል ተብሎ የሚጠረጠር ብቸኛ ቁጥር በ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ ሊሆን ይችላል።

እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉት ቁጥሮች 373 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ አይደሉም፣ ይጣላሉ። አብረን እንጀምር። 63 በ3 ይካፈላል፤ ይጣል። 249 እንዲሁ። 311 ብቸኛ ነው፤ ይሞከር። 2,147,483,647ን በ311 ስናካፍል 6,905,092 ደርሶ 35 ይቀራል። አልከፈለውም። ቀጥሎ 497 በ7፣ 559 በ13፣ 745 በ5፣ 807 እና 993 በ3፣ 1,055 በ5፣ 1,241 በ17 ይካፈላሉ፤ ሁሉም ይጣላሉ። 1,303 ላይ ስንደርስ ብቸኛ ቁጥር እናገኛለን፤ ስናካፍል 1,648,107 ደርሶ 226 ይቀራል። አሁን አስተውሉ፦ ከ1 እስከ 1,303 ድረስ ባለው ሜዳ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያካፈልነው። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው ሄዶ ሁሉም ቀሪ እንዳላቸው አገኘ። ያ ቁጥር ከዚያ በኋላ እስከ 1867 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ለ95 ዓመታት፣ ሰው ከሚያውቃቸው ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ።

ስለ ፍጹም ቁጥሮች አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። 6ን የሚከፍሉት ትንንሽ ቁጥሮች 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ ራሱን 6ን ይሰጣሉ። የ28 ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ናቸው፤ ድምራቸው 28። እንዲህ ያለውን ቁጥር የጥንት ግሪኮች ፍጹም ብለውታል። ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ 28ን በሌላ ወገን ታውቁታላችሁ፤ የዐውደ ፀሐይ ዘመን ነው፣ በ19 ሲባዛ 532ን ይሰጣል። ዩክሊድ እንዳሳየው እንደ ቁጥራችን በአንዶች ብቻ የሚጻፍ ብቸኛ ቁጥር በተገኘ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥርም አብሮት ይወለዳል። ከእኛው ጋር የተወለደው 2,305,843,008,139,952,128 ነው።

በ1811 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ፒተር ባርሎ ስለዚህ ፍጹም ቁጥር ጽፎ ነበር። ወደፊት ከሚገኙት ሁሉ ትልቁ ይኸው ሆኖ ይቀራል አለ፤ ምክንያቱም እነዚህ ቁጥሮች ለማወቅ ጉጉት ያህል እንጂ የሚጠቅሙ ስላልሆኑ ማንም ከዚህ ያለፈ ሊፈልግ አይነሣም የሚል ነበር። ባርሎ ቁም ነገረኛ ሰው ነበር፤ ያዘጋጃቸው የሒሳብ ሠንጠረዦች ከመቶ ዓመት በላይ አገልግለዋል። በዚህ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። ሰዎች መፈለጋቸውን አላቆሙም። ቁጥሩም ጥቅም አልባ ሆኖ አልቀረም።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። ለረጅም ጊዜ የተለመደው የቁጥር ማስቀመጫ 32 ቦታዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቦታ ቢት ይባላል። አንዱ ቦታ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ይሁን ከዜሮ በታች ለመለየት ይውላል። ለቁጥሩ የሚቀሩት 31 ናቸው። ሁሉም በአንድ ሲሞሉ የኦይለር ቁጥር ይሆናል። በላዩ አንድ ሲጨመር ማስቀመጫው ይገለበጥና ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ይሆናል። በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አንድ የደቡብ ኮሪያ የሙዚቃ ቪዲዮ የተመልካቹ ብዛት ከዚህ ቁጥር አልፎ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት እንዳሳደገ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው። ዜሮው የግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። ቁጥራችንን በ86,400 ስናካፍል 24,855 ቀን ይወጣና 11,647 ሰከንድ ይቀራል፤ ይህ ቀሪ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ቀኖቹን ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ተነሥታችሁ ብትቆጥሩ ጥር 11 ቀን 2030 ላይ ትደርሳላችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ስትጨምሩ ያ የጥምቀት ማለዳ ነው። ቀጣዩ ሰከንድ ሲመታ ያልታደሰው ቆጣሪ ይገለበጣል፤ መሣሪያው ያለበትን ጊዜ ዓርብ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አድርጎ ያነበዋል። አፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ ያሉበት ዘመን ማለት ነው።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የረጅም ጊዜ ውሎችን የሚመዘግብበት ፕሮግራም ተበላሽቷል ተብዬ ተጠራሁ። ውሉ የሚያበቃው በ2040 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ነበር። የታተመው ወረቀት ላይ ግን 1903 ይላል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ «ይህ ውል እኮ ሳይፈረም ከመቶ ዓመት በፊት አብቅቷል» አለችኝ። ስለዚህ ጉዳዩ ያን ማለዳ ብቻ የሚጠብቅ አይደለም። ዛሬ የ20 ዓመት ብድር የሚያሰላ አሮጌ ፕሮግራም ካለ ዛሬውኑ ሊሳሳት ይችላል። አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ አያሳስቡኝም። የሚያሳስበኝ በየግድግዳው፣ በየማሽኑ ሆድ ውስጥ ተገጥሞ ማንም የማያየው ትንሹ መቆጣጠሪያ ነው። የተቋማት ኃላፊዎች ካላችሁ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ይህን ጠይቁልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ መናገር አለብኝ። ቁጥሩ የኮምፒውተር ወሰን የሆነው ብቸኛ ስለሆነ አይደለም፤ ገጠመኝ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ 16 ቢት ማስቀመጫዎች ወሰናቸው 32,767 ነበር፤ እርሱ 7 ጊዜ 31 ጊዜ 151 ነው። ብቸኛነቱ ራሱ ያገለገለው ሌላ ቦታ ነው።

ኮምፒውተር ዕጣ ማውጣት ሲፈለግበት ምን ያደርጋል? ሳንቲም መወርወር አይችልም፤ ቅደም ተከተሉ የማይገመት የሚመስል የቁጥር ሰልፍ ማምረት አለበት። በትንሽ እንሞክረው። ከ1 ተነሥተን በ3 እናባዛ፣ በ7 አካፍለን ቀሪውን እንያዝ፦ 1፣ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ ከዚያ ተመልሶ 1። ከ1 እስከ 6 ያሉት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ተደበላልቀው ወጡ። በ7 ፋንታ 8ን እንውሰድ፦ 1፣ 3፣ ከዚያ 9 በ8 ሲካፈል ቀሪው 1። አለቀ። 7 ብቸኛ ነው፤ 8 አይደለም። አሁን በ7 ቦታ 2,147,483,647ን፣ በ3 ቦታ 16,807ን አስቀምጡ። ሰልፉ እንዲህ ይጀምራል፦ 1፣ 16,807፣ 282,475,249፣ 1,622,650,073፣ 984,943,658። ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ ሳይጎበኝ አይደግምም። ይህ መንገድ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይቢኤም ማሽኖች ላይ ሠርቷል፤ በ1988 ፓርክና ሚለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሌላው ሁሉ ቢያንስ ሊያሟላው የሚገባ መለኪያ ይሁን ብለው አቀረቡት። ዛሬ የተሻሉ መንገዶች አሉ። ለብዙ ዓመታት ግን በየቤተ ሙከራው የኮምፒውተር ዕጣ ሲወጣ የነበረው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

የዚህን የዕጣ ዘዴ መሠረት የጣለው አሜሪካዊው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር ነው። ያው ሌመር በ1930 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊውን የኤዱዋር ሉካን ሐሳብ አጥርቶ፣ በአንዶች ብቻ የሚጻፉ ቁጥሮችን ያለ ማካፈል ሙከራ መመርመር የሚቻልበትን ዘዴ አቀረበ። በ31 ላይ ልሥራላችሁ፤ 31 አምስት አንዶች ነው። ከ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ፤ 14። አሁንም በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ፤ 194፣ በ31 ሲካፈል ቀሪው 8። ደግሞ አንድ ጊዜ፤ 64 ሲቀነስ 2፣ 62፤ በ31 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በሦስተኛው እርምጃ ዜሮ ላይ ደረስን፤ 31 ብቸኛ ነው። የእርምጃው ብዛት ከአንዶቹ ብዛት በሁለት ያንሳል። ለኦይለር ቁጥር 29 እርምጃ ይበቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው፣ 136,279,841 አንዶች ያሉትና 41,024,320 አኃዝ የሚረዝመው ብቸኛ ቁጥርም የዚሁ ዘዴ ማረጋገጫ አለው።

በመጨረሻ ብዙ ጊዜ የሚያመራምረኝን ላንሣ። 5 ብቸኛ ነው። አምስት አንዶች 31 ናቸው፤ ብቸኛ። ሠላሳ አንድ አንዶች የእኛው ቁጥር ናቸው፤ ብቸኛ። ታዲያ 2,147,483,647 አንዶችን ብንደረድርስ? የሚገኘው ቁጥር ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዝ አለው። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ተበጥሷል፤ 295,257,526,626,031 ይከፍለዋል። ፌርማ እንዳለውም ከዚህ አካፋይ አንድ ሲቀነስ በቁጥራችን እጥፍ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ 68,745 ይደርሳል። ይህን በእርሳስ አባዝቼ ያረጋገጥኩበትን ምሽት አልረሳውም።

ለጥያቄ ዕድል ስሰጥ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አዲሱ የ64 ቢት ወሰንስ? እሱም ብቸኛ ነው?» አለች። አንዱ ቢት ለምልክቱ ከተያዘ ስንት አንዶች እንደሚቀሩ መልሼ ጠየቅኋት። «63» ብላ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ፊት መጣች፤ ጠመኔውን ተቀብላ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዶቹን እየቆጠረች ትደረድር ጀመር። ሰሌዳው አልበቃትም፤ ሁለተኛ መስመር ጀመረች። 63 ላይ ስትደርስ ከመጀመሪያው ተመልሳ በየሦስቱ አንዶች መካከል ጭረት አሰመረች። ሀያ አንድ መደብ ሆነ። ከመጀመሪያው መደብ ሥር 7 ብላ ጻፈችና ጠመኔውን መለሰችልኝ።